ጉሙ ከተነሣ በኋላ

ጋሽ ዘለቀ በተቀበሩ በሳምንቱ ሴት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «አባባ፣ እርስዎ ቀብሩ ላይ ነበሩ አይደል? ይኼ የተጻፈው እውነት ነው?» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብሁት። የጣና ወፎች ከሐይቁ ተነሥተው አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሸኙት፤ ጉማሬም ከውኃው ወጥቶ እንደ ሰው አለቀሰ ይላል። ከሥሩ ብዙ ሰው «አሜን» ብሎበታል።

ውሸት ነው። እኔ ከሳጥኑ ጎን ነበርሁ። አንድም ወፍ አልተከተለንም። አንዲት ጭነት ያልተራገፈላት አህያ መንገዱ መሐል ቆማ አልሄድም ብላ ለቀስተኛውን አጉላላችው፤ ከዚያ ሌላ ያየሁት እንስሳ የለም።

ልጄ ቅር አላት። «ታዲያ ምንም ተአምር አልነበረም?» አለች።

«ቁጭ በይ» አልኋት። የነገርኋትን ነው እዚህ የምጽፈው። ሰው ሲሞት የሌለውን መለጠፍ ክብር አይመስለኝም። ጋሽ ዘለቀም ቢሰሙት ይቆጡ ነበር። ያየሁት ግን ከተጻፈው ይልቅ ያስፈራል፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል።

እኔ ብዙ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከቄስ እግር ሥር ነው፤ የቀረውን ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብሁ ራሴን አስተማርሁ። ሞተርም የተማርሁት ፈትቼ መግጠም እያቃተኝ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በምትመላለስ አንዲት የእንጨት ጀልባ ላይ ለብዙ ዓመት የሞተሩ ሰው ሆኜ ሠራሁ። መሪውን የሚይዙት ጋሽ ዘለቀ ነበሩ። እሳቸው ከኋላ በኩል ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፤ እኔ ከእግራቸው ሥር ከሞተሩ ጋር ነኝ። ስለዚህ ከሌላው ሰው ይልቅ አውቃቸዋለሁ፤ ይበልጡን ግን የማውቀው ጫማቸውን ነው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ከግንባራቸው ዝቅ አድርገው የሚደፉ ሰው ነበሩ። ጠዋት ወደቡ ላይ ሲደርሱ ከሰው ጋር ከመነጋገራቸው በፊት ባርኔጣቸውን ያወልቁና መጀመሪያ ዓይናቸው የገባውን እንስሳ ቆመው ያያሉ። ወፍም ይሁን ውሻ፣ ሸረሪትም ይሁን። አንዳንድ ቀን ይስቃሉ። አንዳንድ ቀን ፊታቸው ይጠቁርና «መጣሁ» ብለው ተመልሰው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ሚስታቸውን ይቅርታ ጠይቀው ይመጣሉ። ተሳፋሪው እስኪመለሱ ተቀምጦ ያጉረመርማል።

አንድ ጠዋት አርጃኖ፣ ያ ትልቁ የውኃ ዳር እንሽላሊት፣ ከደንገሉ መሐል ወጥቶ ከአፉ የሚበልጥ የሞተ ዓሣ ሲውጥ አዩ። ዋጠውና መንቀሳቀስ አቃተው። ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሮቹ መሬት ሳይነኩ፣ እዚያው ተጋድሞ ቀረ። ጋሽ ዘለቀ ሲያዩት፣ ሲያዩት ቆዩ። በዚያው ሳምንት ከወንድማቸው ጋር መሸንቲ ላይ ሲካሰሱበት የኖሩትን መሬት ትተውለት መጡ። ወደቡ በሙሉ ሳቀባቸው። «ጠበቃ መቅጠር ድሮ ቀረ! ዳኛው አርጃኖ ነው!» እያሉ ይተርቧቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ሰው ግን መሳቁን ሳይተው ሊጠይቃቸውም ይመጣል። ወደቡ ዳር ዓሣ የምትጠብስ ዘይነባ የምትባል ሴት ነበረች፤ ምላሷ እንደ ዘይቷ የሚፈናጠር። አንድ ቀን ግን ፊቷ ገርጥቶ መጣች።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ያ አሞራ፣ አባ ኮዳ፣ ቤቴ ጣራ ላይ ወጥቶ አልወርድም አለኝ። ጠዋት አለ፣ ማታ አለ። ያ ራሰ በራ አንገቱን ሰብሮ ቁልቁል ያየኛል። ባሌ ሊሞትብኝ ነው?»

«ባልሽ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፤ ይበላል፣ ያንኮራፋል።»

«የዓሣውን ሆድ ዕቃ የት ነው የምትደፊው?»

የምትደፋው የጎረቤቷ ቦይ ውስጥ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ ጎረቤቷ ግን ሰው አፍራ አትናገራትም።

«አባ ኮዳ የሚመጣው የሸተተው ነገር ሲኖር ነው» አሏት። «እሱ ይሉኝታ የለውም።»

«ወይ ጉድ! ወፉን ልጠይቅዎ መጥቼ እኔን ይዘልፉኛል?» አለችና ሳቀች፤ ግን ቦዩን ጠረገችው። አሞራውም ሄደ። ቆሻሻው ሲነሣ ቢሄድ አይገርምም። እኔ ያልሆነውን አልጨምርም።

እኔ ይህን ነገራቸውን አልወደውም ነበር። ልጆቼን ከምልኪ እንዲርቁ በቁጣ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ውኃው ላይ ሳለን ፊት ለፊት ነገርኋቸው።

«ይህ ምልኪ ነው፣ ጋሽ ዘለቀ። መጽሐፍ ይከለክላል።»

«ምልኪ ምን ይላል?»

«ወፍ በግራ ከበረረ መንገድህ አይቀናም ይላል።»

«እንዲያ ስል ሰምተኸኛል?»

«አልሰማሁም።»

«ባለ ምልኪ ነገ ምን ያገኘኝ ይሆን ብሎ ነው ወፍ የሚያይ። እኔ ዛሬ ምን ሆኛለሁ ብዬ ነው። እንስሳ ስለ ሌላ ሰው ነግሮኝ አያውቅም። ለሚያየው ብቻ ነው የሚናገር።» ከዚያ በጫማቸው ጫፍ እግሬን ነካ አድርገው፣ «አንተም ስትቆጣ ሞተርህን ስማው፤ ይመስልሃል» አሉኝ። ተናድጄ ወደ ሞተሩ ዞርሁ።

አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አይቻለሁ። ወፎች እኔ ስጠጋቸው ይነሣሉ፤ የማንም ሰው እግር ሲሰሙ ይነሣሉ። ጋሽ ዘለቀ ሲጠጉ አይነሡም። በመሐላቸው ሲያልፉ አንገታቸውን አዙረው ይከተሏቸዋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ምክንያቱን አላውቅም። ያየሁትን ነው የምናገር።

አንድ ዓመት ከክረምቱ ወዲህ ጠባያቸው ተለወጠ። መሪውን ይዘው ጆሯቸውን ወደ ጎን ዘንበል ማድረግ ጀመሩ። እንስሳ ማየቱንም ተዉት፤ ጠዋት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ወደ ደሴቶቹ ስንቃረብ «እዚያ ድንጋይ ላይ ወፍ አለ?» ይሉኛል። «ሞልቷል» እላለሁ። ያ ድንጋይ ጥቋቁሮቹ ዓሣ በል ወፎች የሚሰፍሩበት ነው፤ ከኩሳቸው የተነሣ ሽታው ከሩቅ ይመጣል፤ ጫጫታቸውም እንዲሁ። እኔ የተለመደው ነገራቸው የባሰባቸው መሰለኝ። ፊቴ ወደ ሞተሩ ስለሆነ ሌላ ያየሁት የለም።

ኅዳር ውስጥ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ውኃው ላይ የሚተኛበት ወራት። ሰኞ ነው። የዘጌ ቡና ነጋዴዎች አሉ፤ ለንግሥ የሚሄዱ ሴቶች አሉ፤ አስቴር የምትባል መምህርትም አለች። ወላጆቿ ለፋብሪካ ሥራ ከሌላ አገር መጥተው ባሕር ዳር የቀሩ ናቸው። ሰኞ ሰኞ ጡት የሚጠባ ልጇን ታቅፋ ወደምታስተምርበት ትሻገራለች። ነፋሱ ልጁን እንዳይመታባት ጀርባዋን ለጀልባዋ አፍንጫ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ጋሽ ዘለቀ አድርጋ ነው ሁልጊዜ የምትቀመጠው።

ስንነሣ ጉሙ የጀልባዋን አፍንጫ እንኳ አያሳይም ነበር። ጋሽ ዘለቀ ቀስ ብለው ነዱ። በጉም ጠዋት የጣና ወፎች ይብሳሉ፤ እርስ በርስ እየተጠራሩ ጆሮ ያደነቁራሉ። ያን ቀን አንድም ድምፅ አልነበረም። እኔ ልብ ያልሁት ከሴቶቹ አንዷ፣ «ዛሬ ወፎቹ ምን ነካቸው?» ስትል ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ንግግሩን ዝቅ አደረገ። ዝቅ እያለ ሄዶ ጠፋ። ሕፃኑ እንኳ ጡት መጥባቱን ትቶ ቀና ብሎ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ጉሙ ተነሣ። ፀሐይ ወጣች፤ ውኃው አበራ፤ የደንገሉ ዳር ታየን። ሰው ተፈታ፤ አንዱ ዳቦውን አወጣ። ጀልባዋ ግን አልፈጠነችም። እንደ ጉሙ ጊዜ እየዳበሰች ትሄዳለች። «ምን ሆኑ?» ብዬ ከሞተሩ ቀና አልሁ፤ ቀና ስል ከፊታችን ጉማሬ አየሁ።

ራሱ ብቻ ከውኃው በላይ ነው። ጉማሬ ብዙ አይቻለሁ፤ ሲቆጣ አፉን ይከፍታል፣ ውኃ ይረጫል፣ ጆሮውን ያርገበግባል። ይህ አንዱንም አላደረገም። ጆሮው እንኳ አልተነቃነቀም። ቆሞ ያየናል። እኛ ደግሞ ቀጥ ብለን ወደ እሱ እንሄዳለን። የእንጨት ጀልባ በጉማሬ ላይ ከወጣች የሚሆነውን የጣና ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ጋሽ ዘለቀ! ጉማሬ!»

«የት?»

«ፊትዎ!»

ፊታቸው ወደ እሱ ነበር። ዓይናቸው ተከፍቷል። ጉማሬውን ቀጥ ብለው እያዩት፣ «በየት በኩል?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሞተሩን አጠፋሁ። ጀልባዋ በራሷ ጥቂት ተንሳፍፋ ቆመች። ጉማሬው አልሸሸም። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኑን አልነቀለም። አስቴር ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ዞራ አየችው። ማንም አልጮኸም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጋሽ ዘለቀ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው የጠየቁኝን ሰው ሁሉ ሰማው።

«ጉሙ ገና አልተነሣም እንዴ?»

ፀሐይ ግንባራቸው ላይ ነበረች።

አለመመለሴን ሲሰሙ ገባቸው። እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቆሙ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «እኔ አላይም። ከክረምት ወዲህ ጥላ ነው የማይ። ዛሬ ጥላውም የለም። በወፎቹ ድምፅና በድንጋዩ ሽታ ነበር የማሻግራችሁ። ለማንም አልነገርሁም፤ መሪውን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ወፎቹም ዝም አሉኝ።»

ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ጉማሬው ሰጠመ። አረፋ የለ፣ ማዕበል የለ፤ ውኃው ከደነው።

አንድ ወጣት ዘሎ ተነሣ። «በእኛ ነፍስ ነው እንዴ ሲጫወቱ የከረሙት?»

«ተው አንተ፣ ሽማግሌ ናቸው!» አለው አንድ ነጋዴ።

«ሽማግሌ ቢሆኑስ! ብሰጥም እናቴን የሚያጽናናት ሽምግልናቸው ነው?»

«ልክ ነህ፣ ልጄ» አሉት ጋሽ ዘለቀ። ልክ ነበር። ሰው ሽበት ስላለው በደሉ አይቀልም። ልጆቼንም ይህንኑ ነው የማስተምራቸው።

መሪውን እኔ ይዤ አሻገርሁ። አስቴር እስክንደርስ ጉማሬው ከሰጠመበት ቦታ ዓይኗን አልነቀለችም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ከቀብሩ ወሬ የበለጠው። ጋሽ ዘለቀ መሪውን ተዉ። ንስሐ አባታቸው ቀኖና ሰጥተው ፈቷቸው። እሳቸው ግን፣ «ቄሱ ጀልባዋ ላይ አልነበሩም» አሉ። ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ወደቡ ላይ ቆሙ። ሰው ሲጣላ በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በሉኝ ማለት የአገራችን ልማድ ነው፤ የተበደለው ሰው ድንጋዩን ካላወረደ አይወርድም። አንድ ሰው የበደለ አንዱን ሰው ነው የሚጠይቀው። ጋሽ ዘለቀ ግን ዓይነ ስውር ሆነው ያሻገሩትን ሰው ሁሉ ነበር የሚፈልጉት። ስለዚህ ጀልባ በሚነሣበት ጠዋት ሁሉ እየመጡ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ።

«ከክረምት እስከ ኅዳር ከእኔ ጋር የተሻገራችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ!»

ሰው እየመጣ ድንጋዩን ያነሣላቸዋል። «ይቅር ይበልዎ» ይላል ክርስቲያኑ፤ «አውፍ ብያለሁ» ትላለች ዘይነባ፣ አንዴ ብላ እንዳልጨረሰች ሁልጊዜ። ያ የተቆጣው ወጣት እንኳ መጥቶ አውርዶላቸዋል። ሰውየው ሲሄድ ድንጋዩን መልሰው ይሸከማሉ፤ ያልመጣ አለና።

ሌሎች ደግሞ የመጡት ለሌላ ነው። ጉማሬ ያናገራቸው ሰው ናቸው ተብሎ ተወራ። ወንዛዬ ጠበል ሊጠመቁ የሄዱ ሰዎች ሳይቀሩ መንገድ ለውጠው መጥተው፣ «አባቴ፣ ሕልም አየሁ፤ እባብ አየሁ፤ ይፍቱልኝ» ይሏቸዋል። ጋሽ ዘለቀ ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። «ጉማሬው የመጣው ለእኔ ነው! የእናንተን እናንተ እዩ!» ይሉና ያባርሯቸዋል።

አስቴር ግን አልመጣችም። ሰኞ ሰኞ ትሻገራለች፤ በወደቡ ጠርዝ በኩል፣ ውኃው ውስጥ ልትገባ እስክትደርስ ድረስ ርቃ ነው የምታልፋቸው። እሳቸውም የልጇን ድምፅ ያውቁት ነበር።

«መምህርቷ አለፈች፤ አይደል?» ይሉኛል።

«አለፈች።»

«ከእሷ ይቅርታ ሳላገኝ ብሞት ምን እሆናለሁ?»

«ልለምናት እንዴ?»

«ተዋት። ይቅርታ እንደ ግብር አይሰበሰብም።»

እየከሱ ሄዱ። ሚስታቸው ድንጋዩን ደበቀችባቸው፤ ሌላ አነሡ። ልጆቻቸው ቤት አስቀመጧቸው፤ በእጃቸው አጥር እየዳበሱ መጡ። ከአንገታቸው በስተጀርባ ቆዳው ጠቁሮ እንደ በሬ ጫንቃ ሆነ። እኔ ልቤ በአስቴር ላይ ጠና። የተማረች ሴት፣ ለአንድ ሽማግሌ ይህን ያህል ትጨክናለች? እላለሁ። ሳላውቅ ነበር የፈረድሁባት።

ድንጋዩን ያስቀመጡበትን ቀን ተናግሬ ላብቃ። ሰኞ ነው፤ ሰማዩ የጠራ ነው። ተሳፋሪው ተሰልፎ ይጠብቃል። አስቴር መጣች፤ ልጁ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል። ለዘይነባ ሰጠቻትና ቀጥ ብላ ወደ ጋሽ ዘለቀ ሄደች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከማጅራታቸው አነሣችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማን ልበል?» አሉ።

ስሟን አልተናገረችም። ይቅር ይበልዎም አላለች። ድንጋዩን ወደ ራሷ ማጅራት ወስዳ ጫነችውና በውኃ የራሰው የወደቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከች።

«አይቼ ነበር» አለች።

ጋሽ ዘለቀ ድምፁን ከታች ሲሰሙ ደነገጡ። «አንቺ መምህርቷ ነሽ? ምኑን ነው ያየሽው?»

«እንደማያዩ። ከጉማሬው በፊት፣ ብዙ ሳምንት ቀድሜ። ፊት ለፊትዎ አይደል የምቀመጠው? ልጄ እጁን ሲዘረጋልዎ ይስቁለት ነበር። በኋላ ዓይንዎ ሥር እጁን ሲያወዛውዝ ሽፋሽፍትዎ እንኳ አልተነቃነቀም። ገባኝ። ትልቅ ሰው በሰው ፊት እንዴት አያዩም ይባላል ብዬ ዝም አልኩ። ልጄን ታቅፌ ዝም አልኩ። በሚቀጥለውም ሰኞ ታቅፌው መጣሁ። ያ ጉማሬ እርስዎን አልነበረም የሚያየው። ዞሬ ዓይኑን አይቻለሁ። እኔን ነበር።»

ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ዳበሱ፤ ራሷን አገኙ፤ ድንጋዩንም አገኙ። ሊያነሡት ሲሉ ከተሰለፈው ሰው መሐል አንድ ድምፅ፣ «እኔም» አለ። ያ «ተው፣ ሽማግሌ ናቸው» ያለው ቡና ነጋዴ ነበር። «እኔም አይቼ ነበር። ሰላም ልል እጄን ስዘረጋ አየር ሲጨብጡ።»

«እኔም» አለች ከእሱ ኋላ አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

ከዚያ ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሌላ ሰው። ከዚያም ስሙን የማላውቀው አንድ ሌላ፤ ቃል አላወጣም፣ ጉሮሮውን ብቻ ጠረገ። ጋሽ ዘለቀ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ፊታቸውን ወደ እያንዳንዱ ድምፅ ያዞሩ ነበር። ፀሐይ ደምቃ፣ የሁሉም ፊት እየታየ፣ ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«ስንት ናችሁ?» አሉ።

ድንጋዩን ከአስቴር ማጅራት አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ወዲያ አልተሸከሙትም።